«ሆርሞኔ ተዛብቷል መሰለኝ»፦ የአንባቢያን ጥያቄና የፋርማሲስቷ መልስ

እንደምን ከረማችሁ? በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ «ሆርሞኔ ተዛብቷል መሰለኝ» ብለው ነው የሚጀምሩት። የወር አበባዋ የቀረባት፣ ፊቷ ያበጠባት፣ እንቅልፍ ያጣው፣ ልጅ የዘገየበት፣ ሁሉም ሆርሞን ይላል። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ደብዳቤዎቹን ደጋግሜ ሳነብ ግን ነገሩ ከእጢው የሚጀምርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ራስጌ ካለው ኪኒን፣ ቦርሳ ውስጥ ካለው ክሬም፣ ከመኝታ ሰዓት ነው የሚነሳው።

ፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ። «ሌላ የምትወስዱት መድኃኒት አለ?» ብዬ ስጠይቅ አሥሩም «የለም» ይሉኛል። ትንሽ ቆይቶ የሦስት ወሩ መርፌ ይወጣል፣ የፀጉር ቫይታሚኑ ይወጣል፣ ጎረቤት የሰጠችው የወገብ ኪኒን ይወጣል። ሰው እነዚህን መድኃኒት አይላቸውም። ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ለሆርሞን ምርመራ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ቤት ያለውን ኪኒን፣ ሽሮፕ፣ ክሬምና ዱቄት ሁሉ በፌስታል ጠቅልላችሁ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። በስንት ሰዓት፣ ከምን ጋር እንደምትወስዱትም ንገሩት።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ።

«ጤና ይስጥልኝ ልጄ። 58 ዓመቴ ነው። ከአራት ዓመት በፊት እንቅርቴ በኦፕራሲዮን ሙሉ በሙሉ ወጥቶልኝ ከዚያ ወዲህ ታይሮክሲን እወስዳለሁ። አንድም ቀን አላቋረጥኩም። ግን ሁሌ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ይደክመኛል፣ ሆዴ ይደርቃል፣ ፀጉሬ ይረግፋል። በደም ምርመራ ቲኤስኤች የሚሉት ከፍ ብሏል እየተባለ ሁለት ጊዜ መጠኑን ጨመሩልኝ። አሁንም ያው ነው። መድኃኒቱ ፎርጅድ ይሆን? — ከደብረ ብርሃን»

እናቴ፣ መድኃኒቱን ከመጠርጠራችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ኪኒኑን በምን ነው የሚውጡት?

የምጠይቅዎት በአክስቴ ስላየሁ ነው። እሷም እንደ እርስዎ እንቅርቷ ወጥቶ ያው መድኃኒት ታዞላታል፤ እሷም «አንድም ቀን አላቋረጥኩም» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው። አንድ ጠዋት ቤቷ አድሬ አየኋት። ከሰሉ ተቀጣጥሏል፣ ጀበናው ተጥዷል፣ ከረከቦቱ ጥግ የኪኒኑ ቅጠል ተቀምጧል። አቦሉ ሲቀዳ ኪኒኑን ከቅጠሉ ፈልቅቃ ምላሷ ላይ አደረገችና በትኩስ ቡና ዋጠችው። ቀጥላ ደግሞ ለአጥንቷ የታዘዘላትን ካልሲየም። በየቀኑ፣ ለሦስት ዓመት፣ እንዲሁ።

ታይሮክሲን አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ የሚሠራውን ሆርሞን የሚተካ እጅግ ስስ መድኃኒት ነው። ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት በኩል ነው፤ ባዶ ሆድ ይፈልጋል። ቡና አብሮት ከገባ ወደ ደም የሚያልፈው ይቀንሳል። ካልሲየም፣ አይረን፣ እንዲሁም ለጨጓራ የምንልሰው ነጭ ሽሮፕ ደግሞ አንጀት ውስጥ ይይዙትና አብረውት በሰገራ ይወጣሉ። ኦሜፕራዞልም የጨጓራን አሲድ ስለሚቀንስ ኪኒኑ በደንብ እንዳይሟሟ ያደርጋል። ስለዚህ ሰውዬው 100 ማይክሮግራም ይውጣል፣ ሰውነቱ የሚያገኘው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ቲኤስኤች ማለት አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል የአተር ፍሬ የምታክል እጢ «የታይሮይድ ሆርሞን አነሰኝ፣ ጨምሩ» ብላ የምትልከው መልእክት ነው። ሆርሞኑ ሲያንስ ጩኸቷ ይጨምራል። የእርስዎም ምርመራ የሚለው ይኸንኑ ነው።

እንዲህ ያድርጉ። ጠዋት እንደነቁ ኪኒኑን በንጹሕ ውሃ ብቻ ይዋጡት። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ምግብም ቡናም አይቅመሱ። ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተፈልቶ አቦል እስኪቀዳ አንድ ሰዓት ይሞላል፤ ቡናው መቆላት ሲጀምር ከዋጡት በቂ ነው። ካልሲየምና አይረን ካለ በአራት ሰዓት ያርቁት፤ ለምሳ ወይ ለማታ ያድርጉት።

ጾም ላይ ከሆኑ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም ሳይቀምሱ የሚውሉ እናቶች ጠዋት ኪኒን መዋጥ ይከብዳቸዋል፤ አንዳንዶቹም ለሁለት ወር ያህል ይተዉታል። አይተዉት። መድኃኒቱ ማታ ሲተኙ ቢወሰድም በደንብ ይሠራል፤ እራት ከተበላ ሦስት ሰዓት ያለፈው ሆድ ይበቃዋል። ለረመዳን ለሚጾሙ እናቶችም የሚያገለግለው ይኸው ነው። ከንስሐ አባትዎ ጋር ተነጋግረው ጠዋት በጉንጭ ውሃ እንዲውጡ ከተፈቀደልዎትም ጥሩ።

አንድ የምፈራውን ልንገርዎት። መጠኑ ሁለት ጊዜ ተጨምሮልዎታል። አሁን አወሳሰዱን ሲያስተካክሉ ያ የተጨመረው በሙሉ ደም ውስጥ ይገባል፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። አክስቴም ይህ ደርሶባት መጠኑ ተቀነሰላት። ስለዚህ ሰዓቱን ከመቀየርዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩት፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተውም እንደገና ይመርመሩ። ከዚያ በፊት መመርመር ትርጉም የለውም፤ ሰውነት አዲሱን ልክ እስኪይዝ ያን ያህል ጊዜ ይፈልጋል።

ሌላው፣ እባክዎን ጠበል ሲሄዱም ኪኒኑን ይዘው ይሂዱ። እጢው የለም። ያ ኪኒን እንደ ማስታገሻ የሚታይ አይደለም፤ ሰውነትዎ ያለው ብቸኛ የታይሮይድ ሆርሞን እሱ ነው። ሲያቆሙት ወዲያው አይታወቅም፣ ምክንያቱም ደም ውስጥ ያለው በግማሽ እስኪቀንስ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «ትቼው ምንም አልሆንኩም» የሚለው። ከወር በኋላ ነው የሚጥለው።

«ሰላም። የ23 ዓመት ልጅ ነኝ። በጣም ቀጭን ስለሆንኩ ለሠርጌ ልወፍር ብዬ ጓደኛዬ የነገረችኝን ሁለት ዓይነት ኪኒን ለሦስት ወር ወሰድኩ። አንዱ ዴክሳ ነው፣ ሁለተኛው እንቅልፍ የሚያመጣ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ወፈርኩ። ግን ፊቴ ክብ ሆነ፣ ሆዴ ላይ ቀይ ሸንተረር ወጣ፣ የወር አበባዬም ቀረ። ፈርቼ ከአምስት ቀን በፊት አቆምኩት። አሁን ስነሳ ያዞረኛል፣ ያስመልሰኛል፣ ሰውነቴ ዝሏል። ይለፈኛል ወይ?»

እህቴ፣ የአንቺን ደብዳቤ እስከ ኅትመት አላቆየነውም፤ ስልክሽን ስለጻፍሽልን በዚያው ቀን ደውለን ድንገተኛ ክፍል እንድትሄጂ ነግረንሻል። እዚህ የማወጣው እንደ አንቺ ዝም ብለው የተቀመጡ ሌሎች ስላሉ ነው።

ከሁለቱም ኩላሊት አናት ላይ አንድ አንድ ትንሽ እጢ አለ። ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይሠራሉ። ኮርቲሶል ጠዋት ሊነጋጋ ሲል ይጨምርና ከአልጋ ያስነሳናል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ዝቅ ይላል። የደም ግፊታችንን ይይዛል፣ ስኳር እንዳይወርድ ይጠብቃል፣ ስንታመምና ስንቆስል ያቆመናል። ያለ እሱ ሰው አይኖርም። ዴክሳሜታዞን የዚሁ ሆርሞን በጣም ብርቱ ወንድም ነው፤ 0.75 ሚሊግራሟ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የቅርብ ዘመዱ በ5 ሚሊግራም ያለው ጉልበት አላት። ከውጭ በየቀኑ ሲገባ አንጎል «ሞልቷል» ብሎ ትእዛዙን ያቆማል። እጢዎቹም ሥራ ይፈታሉ፤ ቀስ በቀስ ይኮስሳሉ። ከዚያ አንድ ቀን ኪኒኑ ድንገት ሲቋረጥ የውጩም የለም፣ የውስጡም ገና አልነቃም። ያ ማዞር፣ ያ ማስመለስ፣ ያ መዛል እሱ ነው። በዚህ ላይ ተቅማጥ ወይ ትኩሳት ቢጨመርበት ግፊት ወርዶ ነፍስ ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ዴክሳም ሆነ ፕሬድኒሶሎን ከሦስት አራት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው፣ በሐኪም ትእዛዝም ይሁን በጓደኛ ምክር፣ በራሱ ድንገት አያቁም። ሐኪም ነው ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ የሚያወርደው። እጢዎቹ መንቃታቸው ደግሞ በጠዋት በሚወሰድ የኮርቲሶል የደም ምርመራ ይታያል። ወራት ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ወይ ከባድ ሕመም ቢያጋጥምሽ «እንዲህ ያለ መድኃኒት ወስጄ ነበር» ማለትን አትርሺ።

መድኃኒቱን መስደቤ አይደለም። በ1950 እ.ኤ.አ. የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ኮርቲዞንን ያገኙትና ለሕክምና ያበቁት ሦስት ሰዎች የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል፤ ሲገባቸውም ነው፣ አልጋ ላይ የቀሩ የመገጣጠሚያ ሕመምተኞች ተነስተው የሄዱት በእሱ ነው። በኮቪድም ጊዜ ኦክስጅን ላይ የነበሩትን ብዙ ሰዎች ያተረፈው ያው ርካሹ ዴክሳሜታዞን ነው፤ እዚያ ግን በቀን 6 ሚሊግራም ቢበዛ ለ10 ቀን ነበር። ለውፍረት ተብሎ ሲወሰድ የሚመጣው ሥጋ እንኳ እውነተኛ ሥጋ አይደለም። ጡንቻ ከእጅና ከእግር ይሟሟል፣ ስብ ወደ ፊት፣ ወደ ማጅራትና ወደ ሆድ ይሰበሰባል። አጥንት ይሳሳል። ስኳር ይወጣል። ሁለተኛው፣ እንቅልፍ የሚያመጣው፣ ሳይፕሮሄፕታዲን ይመስለኛል፤ የአለርጂ መድኃኒት ነው፣ የምግብ ፍላጎት ስለሚከፍት ነው አብረው የሚሰጡት።

ፊት ለማቅላት የሚቀቡትን ክሬሞችም እዚሁ ላንሳ። ክሎቤታሶል ወይ ቤታሜታዞን የሚል ቃል ካለበት ያው የዴክሳ ዘመድ ነው፤ በቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። ክሎቤታሶል ከሁለት ተከታታይ ሳምንት በላይ አይቀባም፣ በሳምንትም ከ50 ግራም አያልፍም፤ ፊት ላይማ ጨርሶ ባይነካ ይሻላል። እኛ ጋ ግን ለዓመት ጠዋትና ማታ የሚቀቡ አሉ። ቤት ውስጥ ተቀላቅሎ ስም በሌለው ጣሳ የሚሸጠው ደግሞ ምን እንዳለበት ማንም አያውቅም። ፌስታሉ ውስጥ እሱም ይግባ።

«ሰላም እህቴ። የ36 ዓመት ሹፌር ነኝ፣ የጅቡቲ መስመር ነው የምሠራው። በቀን አራት ሰዓት ከተኛሁ ብዙ ነው። ጫት እቅማለሁ፣ አዳር ስወጣ ደግሞ ለመተኛት ሁለት ሦስት ቢራ። ለወገቤ ትራማዶል እወስዳለሁ። ከዓመት ወዲህ የግብረ ሥጋ ፍላጎቴ ጠፍቷል፣ ቶሎ ይደክመኛል፣ ሆዴም ወጥቷል። አንድ ጓደኛዬ የወንድ ሆርሞን መርፌ ተወግቶ እንደ ኮርማ ሆኛለሁ ብሎኛል። እኔም ልወጋ? ሁለተኛ ልጅ ለመውለድ ከሚስቴ ጋር እየሞከርን ነው።»

ወንድሜ፣ ይህን በግልጽ ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። ብዙ ወንድ እዚህ ላይ ዝም ይላል።

መጀመሪያ መልሱን ልስጥህ። ልጅ እየፈለግክ የቴስቶስትሮን መርፌ እንዳትወጋ። መርፌው ፍላጎት ሊጨምር ይችላል፣ ጡንቻም ያወጣል፤ የዘር ፍሬን ግን ያደርቃል። ነገሩ ከላይ ለእህታችን ከጻፍኩት ጋር አንድ ነው። አንጎል ደም ውስጥ ያለውን ቴስቶስትሮን ይለካል። ከውጭ ሲሞላለት ለቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል፤ ቆለጥ ደግሞ ያለዚያ ትእዛዝ ዘር አይሠራም። ይህ እጅግ አስተማማኝ ከመሆኑ የተነሳ የዓለም ጤና ድርጅት ሳምንታዊ የቴስቶስትሮን መርፌን እንደ ወንዶች የወሊድ መከላከያ ሞክሮት በ1990 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አውጥቷል። ካቆሙት በኋላ ብዙዎቹ ይመለሳሉ፣ ግን ወራት ይፈጃል፤ ጂም ውስጥ ያለ ማዘዣ ብዙ የወሰደ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ጓደኛህ ገና ካልወለደ ይህን ንገረው።

አሁን ወደ አንተ ኑሮ እንምጣ። ቴስቶስትሮን አብዛኛው የሚሠራው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ 10 ጤነኛ ወጣቶችን ለአንድ ሳምንት በየሌሊቱ አምስት ሰዓት ብቻ አስተኝተው ቀን ላይ ለኳቸው፤ ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ጥናቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። እነሱ አንድ ሳምንት ነው፣ አንተ ዓመታት። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ቀደም ሲል ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ የተኙ ወጣቶች ላይ የጥጋብ ሆርሞናቸው 18 በመቶ ወርዶ፣ የረሃቡ 28 በመቶ ጨምሮ ታይቷል። ሆድህ የወጣው ስለሰነፍክ አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ብላ ብላ ይላል። የሆድ ስብ ደግሞ ራሱ ቴስቶስትሮንን ወደ ሴት ሆርሞን ይለውጣል፤ አዙሪቱ እንዲህ ነው።

ጫቱ በውስጡ ካቲኖን አለበት፤ አንጎልን ያነቃቃል፣ ልብን ያስሮጣል፣ ሌሊቱን ይወስድብሃል። ከዚያ ለጨብሲ ቢራ ትጠጣለህ፤ ቢራው ቶሎ ያስተኛል፣ እንቅልፉ ግን ጥልቀት የለውም፣ በየመሃሉ ትነቃለህ። ይህን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ትራማዶሉ ነው። ስንት ወር ሆነህ? ትራማዶል የሞርፊን ቤተሰብ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አንጎል ለቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ያዳክማል። ፍላጎት ያጠፋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሱስም ይሆናል፤ መሪ ይዞ እንቅልፍ እንደሚጥልም አትርሳ። በድንገት ማቆም ደግሞ ላብ፣ ቁርጥማት፣ እረፍት ማጣት ያመጣል፤ ስለዚህ ከሐኪም ጋር ቀስ እያልክ ቀንሰው። ለወገብህ ፊዚዮቴራፒ ጠይቅ፣ የወንበርህን መደገፊያም አስተካክል። ሰመራ ላይ ስትቆም አሥር ደቂቃ ብትራመድ ለወገብህ ቀላል እርዳታ አይደለም።

ከዚያ ተመርመር። የቴስቶስትሮን ምርመራ በማንኛውም ሰዓት አይደረግም፤ ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት ነው፣ ዝቅ ብሎ ከተገኘም በሌላ ቀን ይደገማል። ከጉዞ ገብተህ በማግስቱ አትስጥ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ጠግበህ ተኛና ሂድ። ስኳርና ደም ግፊትም አብረህ ተለካ፤ የብልት አለመቆም ብዙ ጊዜ ስኳር በሽታ ሲጀምር ከሚያሳያቸው ምልክቶች አንዱ ነው። ሚስትህ እየሞከረች ከሆነ ያንተም የዘር ፍሬ ይመርመር፤ አንድ የዘር ፍሬ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል። ዛሬ የጀመርከው እንቅልፍ ፍሬው የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው፤ በሁለት ሳምንት አልሆነም ብለህ አትተው።

«የሦስት ወር መርፌ ለሁለት ዓመት ተጠቅሜ ለመውለድ ብዬ አቆምኩ። የመጨረሻውን ከተወጋሁ 7 ወር ሆኖኛል። የወር አበባዬ አልመጣም። አማቴ መርፌው መካን አድርጎሻል፣ ደሙም ማኅፀንሽ ውስጥ ታጉሯል፣ የሚያጸዳ መድኃኒት ከባህል ሐኪም እናምጣ ትለኛለች። አለቀስኩ። — ከሆሳዕና»

አይዞሽ እህቴ። ደም የትም አልታጎረም። የወር አበባ የሚመጣው የማኅፀን ግድግዳ በየወሩ ለእርግዝና ብሎ ወፍሮ ሲፈርስ ነው። መርፌው ውስጥ ያለው ሆርሞን ግድግዳው እንዳይወፍር ያደርጋል። ያልወፈረ ነገር አይፈርስም። ለዚህ ነው አንድ ዓመት ከተጠቀሙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ጨርሶ ደም የማያዩት። የሚጸዳ ነገር ስለሌለ የሚያጸዳ መድኃኒት አያስፈልግሽም፤ ማኅፀን ያጸዳል የሚባለው ቅጠል ጉበትና ኩላሊት የጎዳባቸውን አይቻለሁ።

መርፌው ከሌሎቹ መከላከያዎች የሚለየው ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ነው። 150 ሚሊግራሙ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ በጥቂት በጥቂቱ ይለቀቃል። ሴቶች ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ 9 እስከ 10 ወር ይፈጅባቸዋል፤ አብዛኞቹ በ18 ወር ውስጥ ያረግዛሉ። አንቺ ገና በ7ኛው ነሽ። ይህን መርፌውን የሰጠችሽ ሲስተር በመጀመሪያው ቀን ብትነግርሽ ኖሮ ይሄ ሁሉ ለቅሶ ባልኖረ ነበር፤ ለመውለድ ዓመት ብቻ የቀራት ሴት ክኒን ወይ ሉፕ ይሻላት ነበር።

ሁለት ነገር አድርጊ። የእርግዝና ምርመራ ዛሬ አድርጊ፤ እንቁላል የሚወጣው ከወር አበባው ቀድሞ ስለሆነ አንድም ደም ሳያዩ የሚያረግዙ አሉ። ሁለተኛ፣ ፎሊክ አሲድ 0.4 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ከአሁኑ ጀምሪ፤ የሕፃኑ አከርካሪ የሚዘጋው እርግዝናው ገና ሳይታወቅ ነው። ከመጨረሻው መርፌ አንድ ዓመት አልፎ ደም ካልመጣ የማኅፀን ሐኪም ጋ ሂጂ። አማትሽን ደግሞ ይዘሻት ሂጂ፤ ከሐኪሙ አፍ ስትሰማው ይቀላታል።

«አላረገዝኩም፣ አላጠባም፣ ግን ጡቴን ስነካው ወተት ይወጣል። የወር አበባዬም ተዛብቷል። የአእምሮ ሐኪም ያዘዘልኝን ሪስፐሪዶን እወስዳለሁ፣ ለማቅለሽለሽም ፕላዚል በራሴ እየገዛሁ ለወራት ወስጃለሁ።»

ሁለቱም ናቸው። ወተት የሚያወጣውን ፕሮላክቲንን የሚያግደው ዶፓሚን የሚባል የአንጎል ንጥረ ነገር ነው፤ ሁለቱ መድኃኒቶች ደግሞ ዶፓሚንን ያግዳሉ። አጥሩ ሲነሳ ፕሮላክቲን ይጨምራል፣ የወር አበባውንም ያስቀራል። ፕላዚሉን ዛሬ አቁሚው፤ እሱ ከአምስት ቀን በላይ የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም። ሪስፐሪዶኑን ግን እባክሽ በራስሽ እንዳትነኪው፤ ያገኘሽውን ሰላም መልሶ ሊያሳጣሽ ይችላል። ለሐኪምሽ ንገሪው፣ መጠን ሊቀንስ ወይ ፕሮላክቲን በማይጨምር ሌላ ሊተካው ይችላል። ሳታፍሪ ንገሪው። ከዚህ ጋር ራስ ምታትና የዓይን ዳር ዳሩን መጋረድ ካለ ደግሞ ቶሎ ተመርመሪ።

«ክንዴ ውስጥ ኢምፕላኖን የሚባለው የወሊድ መከላከያ አለ። አሁን የቲቢ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ችግር አለው?»

አለው፣ ስለጠየቅሽም ደስ ብሎኛል። ሽንትሽን ብርቱካን መልክ የሚያደርገው ሪፋምፒሲን ጉበትን ያተጋዋል። የተጋ ጉበት የኢምፕላኖኑን ሆርሞን ቶሎ ቶሎ አቃጥሎ ይጨርሰዋል፤ ሳታስቢው ታረግዣለሽ። የሚዋጠው መከላከያም እንዲሁ ይደክማል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም ይህንኑ ያደርጋሉ። የቲቢውን መድኃኒት አንድም ቀን እንዳትዘይ፤ የሚቀየረው መከላከያው ነው። የሦስት ወሩ መርፌና የመዳብ ሉፕ በሪፋምፒሲን አይደክሙም። እስክትቀይሪ ኮንዶም ተጠቀሙ፤ ሕክምናውን ጨርሰሽም ጉበት እስኪረጋ አራት ሳምንት ጨምሪበት።

«ጤነኛ ነኝ፣ ግን ለቼክአፕ ስመረመር ታይሮይድሽ ከመጠን በላይ ይሠራል ተባልኩ። ልቤ አይመታም፣ አልከሳሁም። ከውጭ የመጣ የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን ከመውሰድ በቀር ምንም አልወስድም።»

የቫይታሚኑን ጠርሙስ ጀርባ አንብቢው። ባዮቲን 5,000 ወይ 10,000 ማይክሮግራም ይላል? ሰውነት በቀን የሚበቃው 30 ነው። ብዙ የላብራቶሪ ማሽኖች ሆርሞንን የሚለኩት ባዮቲንን እንደ ማጣበቂያ ተጠቅመው ነው። ደምሽ በባዮቲን ሲሞላ ማሽኑ ይሳሳትና ቲኤስኤችን ዝቅ፣ የታይሮይዱን ሆርሞን ከፍ አድርጎ ያሳያል። እጢሽ ጤነኛ ሆኖ ወረቀቱ ሊታመም ይችላል። ይኸው ቫይታሚን የድንገተኛ ልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የደም ምርመራንም ሊያሳስት ስለሚችል ድንገተኛ ክፍል ብትገቢ መናገር አለብሽ። ቫይታሚኑን ቢያንስ ለሁለት ቀን፣ መጠኑ ትልቅ ከሆነ ለሳምንት አቁሚና ምርመራውን ድገሚ። ያ እስኪታወቅ የታይሮይድ ማስታገሻ ኪኒን ቢታዘዝልሽም ስለ ቫይታሚኑ ለሐኪሙ ሳትነግሪ አትጀምሪ። አዲሱ ውጤት ሲወጣ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።